ከ«ሜታ» በኋላ ያለው ቃል

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በጣም ለማከብርዎ ለጋሼ አስቻለው፤

ይህ ወረቀት ረጅም መንገድ ተጉዞ እጅዎ እስኪገባ ጤና አይለይዎ። ቤትዎን፣ ዓይንዎንና ጆሮዎን ይጠብቅልኝ። ጆሮዎን ያልኩት ዮፍታሄ ስለነገረኝ ነው። በስልክ የተባለውን ሁሉ «አሜን» እንደሚሉ፣ አንድ ሰው መሞቱን ሲነግሩዎትም «አሜን» ብለው ቤቱን እንዳሳቁ አጫወተኝ። ስለዚህ ስልኩን ትቼ እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁ።

ዮፍታሄ በወር አንዴ በርበሬና ሽሮ ጭኖ በሞያሌ በኩል ይመጣል፤ ለምግብ ቤቴ የሚያቀርብልኝ እሱ ነው። ደብዳቤዬን አዲስ አበባ ያደርስና ወደ ወረኢሉ በሚመጣ አውቶቡስ ይልከዋል። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የእናቴ ነው፤ ጎረቤቷ ነዎትና እንደ ወትሮው ያንብቡላት። ይህኛው ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

አምና ከጡቴ ላይ እብጠት ማስወጣቴን ያውቃሉ። ያን ጊዜ «ተጠራርጎ ወጥቷል» ብለውኝ ነበር። ከገና ወዲህ ግን ጀርባዬን ያመኝ ጀመር፤ ሳልም አለ። አቢግያ ሆስፒታል ወሰደችኝና ማሽን ውስጥ አስገብተው አዩኝ። ዶክተሩ ከእኔ ይልቅ ከልጄ ጋር ብዙ አወራ። እኔ ናይሮቢ ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኝ የማውቀው የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ በቲማቲም እከራከርበታለሁ እንጂ የሐኪም ወሬ አልሰማበትም። ስንወጣ «ምን አለ?» ብላት «ማሚ፣ ሃኩና ሺዳ፤ ትንሽ ኢንፌክሽን ነው። ከትሪትመንቱ በኋላ ትድኛለሽ» አለችኝ። ሃኩና ሺዳ ችግር የለም ማለት ነው። ይህች ልጅ ግን ችግር በሌለ ጊዜ ሃኩና ሺዳ ብላ አታውቅም።

ዶክተሩ አንድ ረጅም ቃል ደጋግሞ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ጭራው አመለጠኝ፤ ራሱ ግን «ሜታ» ነው። በጠራው ቁጥር አቢግያ ወለሉን ታያለች። ቤት ስንገባ እንደ ዋዛ «ሜታ ምንድን ነው?» ብላት «ፌስቡክ ነው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ወጣች። ኢምባካሲ፣ የአውሮፕላን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው።

ስልክሽ ላይ ፈልጊው ይሉኝ ይሆናል። ኢንተርኔት ራሴን አመመኝ ላለው ሰው ተዝካር ያዘጋጅለታል፤ አልወደውም። እርስዎ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሲያስተምሩን፣ ረጅም ቃል ሲገጥመን ከራሱ እንድንጀምር ይነግሩን ነበር። ግሪኩን ከላቲኑ ለይተው በሰሌዳው ሁለት ዳር ይጽፉልን ነበር። እስኪ ሜታን ያስረዱኝ። ከየት መጣ? ምን ይላል?

ደግሞ ፋሲካን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ አስቤ ነበር። ሰው ሁሉ ህክምናውን ጨርሺ ይለኛል። ልጨርስ ወይስ አሁን ልነሳ? ይህንንም ያስቡበት። ወረቀቱን አቢግያ ታየዋለች ብለው አይስጉ፤ አማርኛውን እንደ ልቧ ትናገራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። ያላስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

ዝምድናችንን በጣት ቆጥረው የሚያስረዱ ሰዎች እያለቁ ቢሆንም፣ እኔ ቅርብ እንደሆኑ ነው የማውቅዎ።

ልጅዎ ውዴ

ወረኢሉ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዴ ልጄ፤

ሰላምታዬ የወረኢሉን ብርድ ሳይዝ ይድረስሽ። የአባትሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞ በሩን ይክፈትልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ዮፍታሄ ካወራው ግማሹ ውሸት ነው፤ «አሜን» ማለቴ ግን እውነት ነው። ሟቹንም ብዙ አልወደውም ነበር።

እናትሽ በርትታለች። ወረቀትሽን አነበብኩላት፤ «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። «መቼ እመጣለሁ ትላለች?» ስትለኝ አንቺ ያልጻፍሽውን ጨምሬ «ከፋሲካ በኋላ» አልኳት። ደስ አላት።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሜታ ግሪክ ነው። የቢራውን ሜታ እንዳትዪኝ፤ እሱ የአገር ስም ነው። በጥንቱ ግሪክኛ ሜታ ለብቻዋ የምትቆም ትንሽ ቃል ነበረች፤ እንደ እኛ «ከ» እና «ወደ» የሌላ ቃል አጃቢ። ሁለት ሥራ ነበራት። አንዱ «ከ… ጋር»፣ «በመካከል» ማለት ነው። ሌላው «በኋላ» ማለት ነው። አንድ ቃል እንዴት አብሮ መሆንንም ተከትሎ መምጣትንም ይይዛል ብትዪ፣ አብሮ መሆኑ ይቀድማል፣ መከተሉ ኋላ የመጣ ነው ይላሉ። አብረው ከሚሄዱት አንዱ ሲደክመው ወደ ኋላ ይቀራልና፣ እኔ ለራሴ በዚህ ነው የማስረዳው።

ከሌላ ቃል ራስ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ያዘች። ለውጥን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍን ታመለክታለች። ሜታሞርፎሲስን አስታውሺ። ሞርፌ መልክ ነው፤ ሜታሞርፎሲስ መልክን መለወጥ። ከወንዝ በጠርሙስ ያመጣሻት ባለ ጭራ የእንቁራሪት ግልገል እግር አውጥታ ከጠረጴዛዬ ላይ ስትዘል ክፍሉን ጥለሽ የሮጥሽው አንቺ ነሽ። ሜታካርፓል የመዳፍ አጥንቶች ናቸው፤ ካርፖስ የእጅ አንጓ ነውና ከአንጓው ቀጥለው የሚገኙ ማለት ነው። ሜታፊዚክስ የሚባለው ትልቅ ስም እንኳ ከመጻሕፍት አደራደር የመጣ ነው ይባላል፤ የአንድ ፈላስፋ መጻሕፍት ስለ ተፈጥሮ ከጻፋቸው በኋላ ተቀምጠው ስለተገኙ። በግሪኩ ወንጌል ንስሐ ራሱ «ሜታኖያ» ነው፤ ሐሳብን መለወጥ። ሜትሮፖሊስን ግን ከእነዚህ ጋር እንዳትቀላቅይው። እሱ ከ«ሜቴር» የመጣ ነው፤ እናት ከተማ ማለት ነው። ፈተና ላይ ስታደባልቂው እቀንስብሽ ነበር።

እንግዲህ ጭራውን ሳልይዝ ዶክተሩ ምን እንዳለ መናገር አልችልም። ሜታቦሊዝም ሊሆን ይችላል፤ ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው በእሱ ይታመማል፤ ይድናልም። አንቺ ህክምናሽን ተከታተይ። እናትሽ የትም አትሄድም። ድነሽ ትመጫለሽ።

የሰሌዳው ሰው፣
አስቻለው

ናይሮቢ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ጾሙ በሰላም ያስጨርስዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ቀን ደጋግሜ አነበብኩት። የእንቁራሪቷ ነገር አሳቀኝ፤ ስስቅ ደግሞ ጎኔን ያመኛል፤ ሆኖም ሳቅሁ።

ሜታቦሊዝም አይደለም። ባለፈው ስንሄድ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ጭራው «ስታሲስ» ነው። እስኪ እሱንም ያስረዱኝ።

መድኃኒቱ ፀጉሬን ወሰደው፤ ነጠላዬን ጠምጥሜ ነው የምውለው። ምግብ ቤቱን ሚዛን ይዛዋለች። አሥር ዓመት አብራኝ ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ሳትከራከረኝ ውላ የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ አሁን የምላት ሁሉ ልክ ሆኗል። ትናንት ወጡ ጨው በዝቶበታል አልኳት። ሳትቀምሰው «እውነትሽን ነው» አለችኝ። ወጡ ግን ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ ምላሴ የተበላሸው። ሩንዳ፣ የሀብታሞች ሰፈር የሚኖሩ፣ ለሠርግ ምግብ ካዘዙኝ ወዲህ ያላየኋቸው ሰዎች ፍራፍሬ ይዘው መጡ። ቄሱ ሳይጠሩ መጡ። ሁሉም ሲወጡ በሩ ላይ ከአቢግያ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ ይላሉ። ሁሉም «በኋላ» ይሉኛል። ከመድኃኒቱ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ። አቢግያማ «ከዚህ በኋላ ሞምባሳ ሄደን እንዝናናለን» አለችኝ። ሞምባሳ ምን አለኝ?

ጋሼ፣ አሁን አውሮፕላን ላይ መቀመጥ እችላለሁ። ደረጃ መውጣት ያደክመኛል እንጂ መቀመጥ አላቃተኝም። በሆሳዕና ሳምንት ልምጣ ወይ? አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፤ ነይ ወይም ቆዪ።

ውዴ

ወረኢሉ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉን በደህና ውለናል። እናትሽ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ስለዚህ የሆሳዕናው ነገር አለፈ።

«ስታሲስ» መቆም ማለት ነው፤ አቋም። ሁለቱ ሲገናኙ የአቋም ለውጥ እንደማለት ነው። የበሽታው አቋም ተለውጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ለውጥ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም።

አቢግያ በጎረቤታችን በሐብታሙ ስልክ ደውላ ነበር። እኔ ባልሰማትም ሐብታሙ እየተቀበለ ጆሮዬ ላይ ጮኸልኝ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብላለች። አሁን ለመንገድ አትቸኩዪ። ክረምቱ ይለፍ። ከመስቀል በኋላ አገሩም ደርቆ፣ አንቺም በርትተሽ ትመጫለሽ።

ዓይኔ ስለሚያስቸግረኝ በዚሁ ላብቃ።

አስቻለው

ናይሮቢ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አስቻለው፤

እግዚአብሔር ዓይንዎን ያብራልዎ፤ ካመመዎት። ደብዳቤዎ አጭር ነበር። እርስዎ ደግሞ ስለ አንድ ሳር እንኳ በአጭሩ ተናግረው አያውቁም። አጭር መሆኑን ሳይ ለእርስዎም እንደነገሩዎት አወቅሁ።

አልቆጣም። እኔም አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ቃሉን ስልኬ ላይ ፈልጌ ካገኘሁት ቆይቷል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነው። ከጡቴ ተነስቶ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፤ ጉበቴ ላይም ደርሷል። ይህን አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ ይሉኛል።

ቤታችንን ልንገርዎ። አቢግያ እኔ እንዳልሰማ ትደብቀኛለች። እኔም ልጄ እንዳትሰበር እንደማላውቅ እሆናለሁ። ሚዛን ሁለታችንንም ታውቃለች፤ ለሁለታችንም ትዋሻለች። ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ሞምባሳ እናወራለን። ከዚያ እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ትከፍታለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ስንወጣ ሁለታችንም ዓይናችን ቀልቷል፤ ማናችንም ምን ሆንሽ አንባባልም። እንዲህ ሆነን ወራት አለፉ።

እኔ እናቴን ሳላይ መሞት አልፈልግም። ሌላ የምፈልገው የለኝም። አሁን «ልሂድ» ስላት ግን «ለምን? ከትሪትመንቱ በኋላ» ትለኛለች። ምን ልመልስላት? የማላውቅ ሰው ነኛ። የማታውቅ ሰው ደግሞ የሚያስቸኩላት የለም። አውቄ ነበር ብዬ ብነግራት ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ያለቀሰችው፣ እያየኋት ዝም እንዳልኩ ይገባታል። ይህን ለልጄ ማድረግ አቃተኝ።

ስለዚህ አንድ ሰው ይነግረኝ ዘንድ ነው የለመንኩት። ቄሱን አልጠየቅኋቸውም፤ ከአቢግያ ጋር ተማምለዋል። እርስዎን የመረጥኩት ቃል ሲያስተምሩ ስለማይፈሩ ነው። ስሙን ጠርተው፣ ምን እንደሆነ ጽፈው ይላኩልኝ። ያን ጊዜ «ጋሼ ነገሩኝ፤ ዛሬ ነው የሰማሁት» እላታለሁ። ተቃቅፈን እናለቅሳለን። ከዚያ ትኬቱን ትቆርጥልኛለች። በዊልቸርም ቢሆን ያሳፍሩኛል፤ እሷ እዚያው አየር ማረፊያ አይደል የምትውለው።

ከመስቀል በኋላ አይበሉኝ። መስቀል ለእኔ የለም።

ውዴ

ወረኢሉ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለውዴ፤

ዛሬ ምርቃቱን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ።

አዎ፣ ነግረውኛል። አቢግያ በየካቲት ደውላ፣ በሐብታሙ አፍ፣ እንዳልነግርሽ አስማለችኝ። እኔም ማልኩ። በእኛ አገር ለታማሚ አይነገርም፤ ተስፋ ይቆርጣል ይባላል። እኔም ስንት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ይህን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ደብዳቤሽን ሳነብ ተቆጣሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እንደ ጠየቅሽኝ ላስረዳሽ። ቃሉ ሜታስታሲስ ነው። ሜታ እዚህ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። ስታሲስ መቆም ነው። ሲገናኙ ከቆሙበት ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይሆናል። እኛ በአንድ ቃል መፍለስ እንለዋለን። የግሪኮቹ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ፍልሰት በዚሁ ቃል ትጠራዋለች ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ያጽናናሻል ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ቃሉን ሙሉ በሙሉ እንድታውቂው ነው። ሐኪሞች ሲጠሩት ግን አንድ ነገር ብቻ ማለታቸው ነው። በሽታው ከተነሳበት ለቆ ሌላ ቦታ ሰፍሯል። አንቺ ላይ አጥንትና ጉበት ላይ ሰፍሯል። ከዚያ አይነሳም። የሚሰጡሽ መድኃኒት ሊያዘገየው ይችል ይሆናል እንጂ አያድንሽም።

አትድኚም ውዴ። ይህን የምልሽ እኔ አስቻለው ነኝ።

ነይ። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው አትበዪ። አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ከዚያ በዝግታ እያደርን እናመጣሻለን። እናትሽ በር ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው፤ አንቺን ለማየት ብዙ መፈለግ የለባትም። ለአቢግያ ይህን ወረቀት አሳዪያት፤ ማንበብ ባትችልም ስሜ ያለበትን ቦታ አመልክቻት። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ቁጣዋም በእኔ ይሁን።

የካቲት ላይ «ነይ» ልልሽ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ በእግርሽ ትመጪ ነበር።

እግዚአብሔር ለመንገድ የሚበቃ ጉልበት ይስጥሽ። ሌላ ምርቃት የለኝም።

አስቻለው

ናይሮቢ
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ አስቻለው፤

ጤና ይስጥልኝ። የማወራው እኔ አቢግያ ነኝ፤ የሚጽፈው ታዴዎስ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ነበርን፤ እሱ ፊደል ተማረ፣ እኔ እየጠፋሁ ፉትቦል እሄድ ነበር። እኔ «አንተ» እያልኩ ነው የማወራው፤ እሱ ነው «እርስዎ» እያደረገ የሚጽፈው። ይቅርታ፣ ፖሌ ሳና።

ማሚ ሐምሌ 26 አረፈች። ላንጋታ መቃብር ቀበርናት። ሬሳዋን ወደ አገር ለመላክ ፈልጌ ነበር። የምሠራው ካርጎ ነው፣ ፔፐሩን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የስንቱን ሰው እናት በእጄ ፈርሜ ልኬያለሁ። ግን አያቴ ሳጥን በር ላይ ስታይ በዚያው ትሞታለች አሉኝ። ቄሱም፣ ሚዛንም፣ ሁሉም። እኔም እሺ አልኩ።

ስለ ደብዳቤዎ ልንገርዎት፤ ለዚህ ነው ታዴዎስን የለመንኩት። ዮፍታሄ በዝናብ ምክንያት ሞያሌ ላይ ብዙ ቆይቶ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ መጣና ፖስታውን ለእኔ ሰጥቶኝ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። ማሚ ያን ጊዜ ዓይኗ አያይም ነበር፤ በሽታው ጭንቅላቷ ደርሶ ነበር። መስማት ግን ትሰማለች። «ከወረኢሉ ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ቀን እንዲህ አልሆነችም። «ክፈቺው። የጋሼን አንብቢልኝ» አለችኝ። ማንበብ እንደማልችል ረስታለች፣ መድኃኒቱ ያስረሳት ነበር።

ሰው ልጥራ ብዬ አስቤ ነበር። ሚዛን ምግብ ቤት ናት። ማሚ ደግሞ እጄን ይዛ «አሁን፣ አሁን» ትላለች። ከፈትኩት። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ እኔ አንዱንም አላውቅም። ደብዳቤ ምን ይላል? እኔ እንደማውቀው ሰላምታ ይላል፣ ደህና ነን ይላል። ስለዚህ ወረቀቱን እያየሁ ከራሴ አወራሁ። «ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። አይዞሽ፣ ትድኛለሽ። ከመስቀል በኋላ ትመጫለሽ» አልኳት። ሽማግሌ የሚያወራ ለመምሰል ድምፄን እንኳ ወፈር አደረግሁ።

ከዚያ «ጋሼም?» አለችኝ። «ምን ጋሼም?» ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለ አገር አላነሳችም፤ ስለ አያቴም አልጠየቀችኝም።

ከቀብሩ በኋላ ታዴዎስ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አነበበልኝ። እሷ ለእርስዎ የጻፈችውን ግን አላየሁም፤ ከእርስዎ መልስ ነው የተረዳሁት። ታውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍቼ ሳለቅስ ታውቅ ነበር። ታዴዎስ የመጨረሻውን ሲያነብልኝ ሁለት ጊዜ አቆመ፤ ሁለቴም ቀጥል አልኩት። «ነይ» ብለዋታል። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ሜታ «ከ… ጋር» ማለትም ነው ብለው የጻፉላት ጋ ስንደርስ በቃኝ አልኩት። እኔ ሁሌም ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ ከአጠገቧ ተነስቼ አላውቅም፤ ግን ብቻዋን ነው የሞተችው።

አያቴ በየእሑዱ በሐብታሙ ስልክ ትደውላለች። «ተኝታለች» እላታለሁ። ባለፈው «ስንት ትተኛለች?» አለችኝ። እባክዎ ይንገሯት። እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም። የእኛ ቤት በዚህ ነው ያለቀው።

አቢግያ

ወረኢሉ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢግያ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ይህን ደብዳቤ ታዴዎስ ያነብልሻልና ለእሱም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። «አንተ» ብትዪኝም አልከፋም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጳጉሜ ላይ ነው። «ጋሼም?» ያለችውን ካነበብኩ ወዲህ እህል አይጣፍጠኝም። መዳን የሌለበት ነገር ነው፤ ልቅሶሽን ከልቅሶዬ ጋር አድርጊው ከማለት በቀር የምልሽ የለኝም። በራስሽ ላይ ግን አትፍረጂ። ያልሻት ነገር ሁሉ እኔ በሚያዝያ ከጻፍኩላት የተለየ አልነበረም፤ አንዳንዱ ቃል በቃል ነው።

ለአያትሽ ልነግራት ቆርጬ ነበር። መርዶ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለምና ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ዓመቱ ይጠባ አሉ። ከዚያ መስቀል ይለፍ አሉ። በመስቀል ማግስት ግን ከዚህ በኋላ አልቆይም ብዬ አራት ሆነን ገና ጎህ ሳይቀድ ሄድን። ያንቺን ደብዳቤ በእጄ ይዤ ነበር፤ እንዳላፈገፍግ ብዬ ነው የያዝኩት።

በሩን ራሷ ከፈተች። በዚያ ሰዓት አራት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ እሷ አይጠፋትም፤ ስንቱን አብራን አርድታለች። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። «ልጄ ጽፋለች» አለች። በርጩማ አቀረበችልን። «ለዚህ ብላችሁ በብርድ መጣችሁ» አለች። ወለሉ ላይ እግሬ አጠገብ ተቀመጠችና «አንብብልኝ» አለችኝ።

ሦስቱን ሽማግሌዎች አየኋቸው። አንዱ ጣራውን ያያል፣ አንዱ ዱላውን። እሷ ዓይኔን ነው የምታየው። አቢግያ፣ ዓይኗ አትንገረኝ ይላል። እንደምታውቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አነበብኩ። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። «እኔ ደህና ነኝ። ህክምናዬን ልጨርስ ነው። ምግብ ቤቱ ገበያ አለው። አቢግያ እጅሽን ትስማለች» አልኩ። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ የሚለውንም ጨመርኩ። ጉልበቴን ስማ «አሜን» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይተያዩ ወደ የቤታቸው ሄዱ፤ እኔም ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ቀኑ በሬ ላይ መጥታ «ደብዳቤ መጣ?» ትለኛለች። በስልክ መጠየቅ ትታለች፤ አንቺን እንዳታስጨንቅሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ዮፍታሄ በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ላኪልኝ። ከናይሮቢ የመጣ ፖስታ ይሁን እንጂ ሌላው አያስጨንቅሽ። ፊደል አለማወቅሽ አይከለክልሽም። ባዶ ወረቀት አጥፈሽ አሽጊው፤ እኔ አነብላታለሁ።

አስቻለው